ምሰሶው የማን ነው? ቃሉስ የማን ነው?

የጀርመን ክልላዊ ቴሌቪዥኖች ታሪክ ለእኛ ምን ይነግረናል?

ባለፈው የትንሣኤ ሰሞን እዚህ ፍራንክፈርት በአንድ ወዳጃችን ቤት ተሰብስበን ነበር። ዶሮው ተበልቶ ቡናው ሲፈላ እንደተለመደው ወሬው ወደ አገር ቤት ዞረ። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ትልቅ ሰው "ይህቺን አገር እዚህ ያደረሳት የክልል ቴሌቪዥን ነው፤ ላንድ አገር አንድ ቴሌቪዥን ይበቃት ነበር" አሉ። ከማዶ የተቀመጠ አንድ ወጣት ደግሞ "የለም ጋሼ፣ ያ አንዱ ቴሌቪዥን እኮ ነው እኛን ሳያሳየን የኖረው" ሲል መለሰላቸው። ነገሩ እየተካረረ ሄደ። እኔን የገረመኝ ግን ሁለቱም ለክርክራቸው ማስረጃ አድርገው የጠሩት ይህችኑ የምንኖርባትን ጀርመንን መሆኑ ነው። ጋሼ "ጀርመኖች አንድ የሆኑት ማታ ማታ አንድ ዜና ስለሚያዩ ነው" ሲሉ፣ ወጣቱ "ጀርመን እኮ ፌዴራል ነው፣ ክልሉ ሁሉ የራሱ ጣቢያ አለው" አላቸው።

ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ ሁለቱም ግን የያዙት ግማሹን ነው። በዚያን ዕለት ዝም አልኩ። በሙያዬ መሐንዲስ ነኝ፤ ጋዜጠኛም የሕግ ባለሙያም አይደለሁም። ለሁለተኛ ዲግሪ ወደዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ እንጀራዬ የምልክት ማስተላለፊያ ሥራ ስለሆነ፣ ቴሌቪዥን ሲነሳ ቀድሞ የሚታየኝ የአንባቢዋ ፊት ሳይሆን ከጀርባ ያለው ሽቦ ነው። ስመጣ እኔም የጋሼ ወገን ነበርኩ። የዚህን አገር የስርጭት ታሪክ እያነበብኩ ስሄድ ሐሳቤ ተለወጠ፤ ነገር ግን ወደ ወጣቱም ወገን አልገባሁም። የት ላይ እንደቆምኩ ላስረዳ።

ጎብልስ ያልሠራው ማሽን

ጀርመን ውስጥ መደበኛ የራዲዮ ስርጭት የተጀመረው በ1923 በርሊን ላይ ነው። (በዚህ ጽሁፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ ይሏል።) ብዙም ሳይቆይ ከሐምቡርግ እስከ ሙኒክ፣ ከላይፕሲግ እስከ ኮኒግስበርግ ዘጠኝ ክልላዊ የራዲዮ ኩባንያዎች ተቋቋሙ። ስለዚህ "ክልላዊ ስርጭትን አሜሪካኖች ናቸው ከጦርነቱ በኋላ የጫኑባቸው" የሚባለው ሙሉ እውነት አይደለም። ቀድሞም ነበራቸው።

ታዲያ ምን ዋጠው? ብዙ ሰው እዚህ ላይ ወዲያው ጎብልስን ይጠራል። ነገር ግን በ1932፣ ናዚዎች ሥልጣን ከመያዛቸው ከወራት በፊት፣ የፎን ፓፐን መንግሥት "ማሻሻያ" በሚል ስም በኩባንያዎቹ ውስጥ የነበረውን የግል ድርሻ ወስዶ ራዲዮውን ጠቅልሎ በመንግሥት እጅ አስገባው። በጥር 1933 ሂትለር ሲመጣ ጎብልስ ማሽኑን መገንባት አላስፈለገውም። ተሠርቶ፣ ተገጣጥሞ፣ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ነው የጠበቀው። በእሱ ዘመን የተጨመረው "የሕዝብ መቀበያ" የተባለ ርካሽ ራዲዮ ነው። የሞዴሉ ቁጥር 301 ነበር፤ ሂትለር መራሔ መንግሥት የሆነበትን ጥር 30 ለማስታወስ።

እኛ መሐንዲሶች ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ። ማብሪያ ማጥፊያ ስትገጥም ዛሬ የሚይዘውን ሰው ብቻ አታስብ፤ ነገ የሚይዘውንም አስብ። የፎን ፓፐን ሰዎች የገጠሙት ለራሳቸው ነበር። የተጠቀመበት ግን ሌላ ነው።

መኮንኖች ያሰመሩት ድንበር

በ1945 ጀርመን ስትወድቅ አሸናፊዎቹ አገሪቱን ተከፋፈሉ፤ ራዲዮዋንም እንዲሁ። እንግሊዞች በቢቢሲ አምሳል ለመላው ቀጠናቸው ሐምቡርግ ላይ አንድ ትልቅ ጣቢያ አቋቋሙ። ያደራጀው ኋላ የቢቢሲ ዋና ዳይሬክተር የሆነው ሂዩ ግሪን ነው። ፈረንሳዮች ባደን ባደን ላይ አንድ ጣቢያ ተከሉ። አሜሪካኖች ግን በሙኒክ፣ በፍራንክፈርት፣ በሽቱትጋርትና በብሬመን አራት ጣቢያዎችን አቋቋሙ።

ብሬመን ትንሽ ከተማ ሆና ለምን የራሷ ጣቢያ ኖራት? የአሜሪካ ጦር ወደብ ስለፈለገ፣ በእንግሊዞች ቀጠና መካከል ብሬመንን ለብቻዋ ስለያዘ ነው። ደቡብ ምዕራቡም እንዲሁ ነው። ባደን ቩርተምበርግ የሚባለው ክፍለ ግዛት በ1952 አንድ ሆኖ ሲመሠረት፣ የአሜሪካና የፈረንሳይ ቀጠና ድንበር መካከሉን ስላለፈ ሁለት ጣቢያ ይዞ ቀረ። ሁለቱ የተዋሐዱት በ1998 ነው!

ይህን የምዘረዝረው ያለ ምክንያት አይደለም። የጀርመን ክልላዊ ጣቢያዎች ድንበር ከጥንት የወረደ የነገድ ድንበር ሳይሆን፣ ብዙው የወታደር መኮንኖች በካርታ ላይ ያሰመሩት ነው። ስለዚህ የሥርዓቱ ጥንካሬ ከድንበሩ ትክክለኛነት አልመጣም። ከምን መጣ?

በ1950 ስድስቱ ጣቢያዎች ተሰብስበው አንድ ማኅበር መሠረቱ። ስሙ ረጅም ስለሆነ ሁሉም የሚያውቀው አ.ኤር.ዴ. በሚለው ምሕጻር ነው። የመጀመሪያው ፊደል "የሥራ ማኅበር" ማለት ነው። ከጣቢያዎቹ በላይ የተቀመጠ ዋና ሥራ አስኪያጅ የለውም፤ ሊቀመንበርነቱ በየተራ ይዞራል። እኛ በምናውቀው ቋንቋ ብናስቀምጠው እድር ነው። ሁሉም እንደ አቅሙ ያዋጣል፣ ሁሉም የራሱ ቤት አለው፣ ድንኳኑ ግን የጋራ ነው። ታህሳስ 25 ቀን 1952 የሐምቡርጉ ጣቢያ መደበኛ ቴሌቪዥን ጀመረ። ጋሼ የጠቀሱት የማታ ዜና፣ ታገስሻው፣ በማግስቱ ተወለደ። የሁሉም የሆነው የጋራ ቴሌቪዥን ደግሞ ኅዳር 1 ቀን 1954 ሥራውን ጀመረ።

የ1961ዱ ፍርድ

የዚህ ታሪክ ወገብ የካቲት 28 ቀን 1961 ነው። መራሔ መንግሥት ኮንራድ አደናወር በጣቢያዎቹ ደስተኛ አልነበሩም፤ በጣም ይተቹኛል ይሉ ነበር። ስለዚህ በ1960 በፌዴራሉ መንግሥት የሚመራ ሁለተኛ ቴሌቪዥን ለማቆም ኩባንያ መሠረቱ። ክፍለ ግዛቶቹ ባለድርሻ ናቸው ተባለ። ግን አልተስማሙም ነበርና በእነሱ ስም የፈረመው የአደናወር ሚኒስትር ነው። እስቲ አስቡት! ያልተስማማን ሰው ወክሎ መፈረም።

ሐምቡርግና ሄሰንን የመሳሰሉ ክፍለ ግዛቶች ጉዳዩን ካርልስሩኸ ወደሚገኘው የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ወሰዱት። የአደናወር ጠበቆች ክርክር ለመሐንዲስ ጆሮ የሚስብ ነው። ሕገ መንግሥቱ ፖስታና ቴሌኮሙኒኬሽንን ለፌዴራሉ መንግሥት ሰጥቷል፤ ቴሌቪዥን ደግሞ በሞገድ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ ቴሌቪዥን የፌዴራሉ ነው የሚል ነው። ዳኞቹ ይህን ለሁለት ሰነጠቁት። ምሰሶው፣ ማሰራጫው፣ የሞገዱ ሥርዓት፣ ባጠቃላይ ቴክኒኩ የፌዴራሉ ይሁን፤ በምሰሶው ላይ የሚያልፈው ቃል ግን የባህል ጉዳይ ስለሆነ የክፍለ ግዛቶቹ ነው አሉ። በዚህም አላበቁም። ስርጭት ለመንግሥትም ሆነ ለአንድ የማኅበረሰብ ክፍል ተላልፎ ሊሰጥ አይችልም ሲሉ ደነገጉ። ወጣቱ ወዳጃችን ይህችን ሁለተኛዋን ዐረፍተ ነገር ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ። ፍርድ ቤቱ ቃሉን ከፌዴራሉ መንግሥት ነጥቆ ለክልል መንግሥት አልሰጠም። ክልሉ ሕጉን ያወጣል፤ ማይክሮፎኑን ግን አይዝም።

የአደናወር ቴሌቪዥን አንድ ቀን እንኳ ሳይሰራጭ ቀረ። ክፍለ ግዛቶቹ ግን "አገር አቀፍ ነገር አንፈልግም" አላሉም። በዚያው ዓመት ተስማምተው ማይንስ ከተማ ላይ ሴት.ዴ.ኤፍ. የተባለውን ሁለተኛ አገር አቀፍ ቴሌቪዥን በጋራ አቋቋሙ፤ በሚያዝያ 1963 ስርጭት ጀመረ። አገር አቀፍ ነገር በትእዛዝ ብቻ ነው የሚሠራው የሚሉ ሁሉ ይህን ቢያስቡበት።

ኮከቡ

የአ.ኤር.ዴ. ጣቢያዎች ሥዕልና ድምፅ የሚለዋወጡበት ማዕከል የሚገኘው እዚሁ ፍራንክፈርት፣ በሄሰን ጣቢያ ውስጥ ነው። ጀርመኖች "የኮከብ ነጥብ" ይሉታል፤ መስመሮቹ ከየአቅጣጫው መጥተው እንደ ኮከብ ጨረር ስለሚገናኙበት። ታዲያ የኮከቡ መካከል ያስተላልፋል እንጂ አያዝም። የማታው ዜና ከሐምቡርግ ይመጣል፣ የስፖርቱ ዝግጅት ከኮሎኝ፣ የጋራው ቻናል ማስተባበሪያ ደግሞ ሙኒክ ነው። ዋና ከተማዋ ቦን በነበረችበት ዘመን ዜናው ከቦን አልተነበበም። በርሊን ከሆነችም በኋላ ሐምቡርግን አልለቀቀም። የመንግሥቱ መቀመጫና የዜናው መቀመጫ አንድ ሰፈር አለመሆናቸው ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ።

ለጋራው ቻናል ሁሉም በድርሻው ይሠራል። ኮሎኝ ያለው ትልቁ ጣቢያ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ሲያዋጣ፣ የብሬመን ድርሻ አንድ በመቶ ገደማ ነው። ከዚህም በላይ ባለጸጎቹ ጣቢያዎች ብሬመንንና ዛርላንድን በገንዘብ ይደጉማሉ። ብሬመን ትንሽ ናት ተብላ ከድንኳኑ አልወጣችም።

ይህ በወረቀት ላይ ያለ ነገር ብቻ ቢሆን አላምንም ነበር። ተማሪ ሳለሁ ቋንቋውን የለመድኩት ከክፍል ይልቅ በተማሪ ቤታችን የጋራ ሳሎን እሁድ ማታ በ20፡15 ነው። ከኅዳር 1970 ጀምሮ የሚታይ ታትኦርት የሚባል የወንጀል ምርመራ ተከታታይ ድራማ አለ። ርዕሱ የወንጀሉ ስፍራ ማለት ነው። መክፈቻው አንድ፣ ሰዓቱ አንድ፤ ሥራው ግን በየተራ ነው። ያኔ አንድ እሁድ መርማሪው ሙኒክ ውስጥ ይንጎራደድ ነበር፣ በሚቀጥለው በኪል ወደብ፣ በሌላው በላይፕሲግ። እያንዳንዱ ጣቢያ የራሱን ከተማ፣ የራሱን ችግር፣ የራሱን አነጋገር ይዞ ይመጣል። አንድ የሐምቡርግ ልጅ ከጎኔ ተቀምጦ የባቫርያውን አነጋገር መስማት ሲያቅተው "አንተ ገባህ ወይ?" ብሎ እኔን ሐበሻውን የጠየቀኝ ትዝ ይለኛል። ሳቅን። ግን ተከታተለው። ሳይገባውም ተከታተለው። እኔ አገር አንድ መሆን ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ሁሉም አንድ ነገር መናገሩ ሳይሆን፣ አንዱ የሌላውን ከተማ ተራ ገብቶ ማየቱ ነው።

ነቀፌታዬ

ይህን ሁሉ ስል አ.ኤር.ዴ.ን መላእክት ያስተዳድሩታል ማለቴ አይደለም። የሚያሙበት ብዙ ነው።

አንደኛ፣ ማብሪያ ማጥፊያው በየክልሉ ስላለ በየክልሉም ይጠፋል። በግንቦት 1986 ከቼርኖቢል አደጋ በኋላ ሻይበንቪሸር የተባለው የፖለቲካ ፌዝ ዝግጅት ስለ ኑክሌር ጉዳይ ሲቀልድ፣ የባቫርያው ጣቢያ ከጋራው ስርጭት ራሱን አወጣ። የቀረው ምዕራብ ጀርመን ሲያይ ባቫርያ አላየችም። ሞገድ ግን ድንበር ስለማያውቅ ዳር ላይ ሆኖ አንቴናውን ወደ ጎረቤት ያዞረ ሰው ሊያይ ይችል ነበር። ሕዝብን ከራሱ አገር ውይይት መነጠል በዋና ከተማም ይሁን በክልል ከተማ ያው መነጠል ነው።

ሁለተኛ፣ የክልል መሪዎችም እንደ አደናወር መፈተናቸው አልቀረም። በ1978 የሽሌስቪግ ሆልሽታይን ጠቅላይ ሚኒስትር ጌርሃርድ ሽቶልተንበርግ በሰሜን ጀርመን ጣቢያ ዘገባ ተበሳጭተው ጣቢያውን ያቆመውን የጋራ ውል አፈረሱ። ጣቢያው በ1980 በአዲስ ውል ተረፈ። ጣቢያዎቹን በሚቆጣጠሩት ምክር ቤቶች ውስጥ አብያተ ክርስቲያናት፣ የሠራተኛ ማኅበራት፣ የሴቶችና የስፖርት ማኅበራት ይወከላሉ። ሆኖም ፓርቲዎች በጎን በር መግባታቸው የታወቀ ነው። በ2009 በሴት.ዴ.ኤፍ. የዋና አዘጋጁ ውል በፓርቲ ድምፅ ሳይታደስ ሲቀር ነገሩ ፈነዳ። በ2014 ካርልስሩኸ እንደገና ተናገረ፤ ለመንግሥትና ለፓርቲ ቅርብ የሆኑ ሰዎች በነዚህ ምክር ቤቶች ከሦስት እጅ አንድ እጅ መብለጥ የለባቸውም አለ። ከመጀመሪያው ፍርድ 53 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው!

ሦስተኛ፣ ምሥራቁ። የምሥራቅ ጀርመን ቴሌቪዥን በ1991 መጨረሻ ተዘጋ፤ በማግስቱ፣ ጥር 1 ቀን 1992፣ በምዕራቡ አምሳል የተቀረጹ ጣቢያዎች ተተኩ። መዝጋቱን የመሩት ከባቫርያ ጣቢያ የመጡ ሰው ነበሩ። ለሦስት ክፍለ ግዛቶች የተቋቋመው የላይፕሲጉ ጣቢያ የመጀመሪያ ኃላፊም ከባቫርያ የመጡ ናቸው። ሥርዓቱ ጥሩ ሊሆን ይችላል። ግን የምሥራቁ ሰው እንደ ምዕራቡ በሙከራና በጭቅጭቅ አልገነባውም፣ ተሠርቶ መጣለት። ዛሬ በምሥራቅ ያለውን ቅሬታ ስሰማ ይህ ትዝ ይለኛል።

አራተኛ፣ ገንዘብ። በ2022 የበርሊንና ብራንደንቡርግ ጣቢያ ኃላፊ በብክነት ክስ ከሥልጣን ሲነሱ፣ መዋጮ የሚከፍለው ሕዝብ የተቆጣው በትክክል ነው። የገንዘቡ ሥርዓት ራሱ ግን ሊጠና የሚገባው ነው። ከ2013 ጀምሮ እያንዳንዱ ቤት በየወሩ የሚከፍለው መዋጮ ከመንግሥት በጀት ጋር አይቀላቀልም። ስንት እንደሚያስፈልግ የሚያሰላው በ1975 የተቋቋመ ነጻ ኮሚሽን ነው። ኮሚሽኑ 86 ሳንቲም ይጨመር ብሎ ሳለ፣ በ2020 መጨረሻ ዛክሰን አንሃልት የተባለው አንድ ክፍለ ግዛት አላጸድቅም አለ። በ2021 ፍርድ ቤቱ መዋጮውን 18.36 ዩሮ እንዲሆን ወሰነ። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ዜናው ያላማረው መንግሥት ኪስ ቆልፎ ጣቢያን ማስራብ አይችልም። ፍልሚያው በዚህ አላበቃም። በ2024 ክፍለ ግዛቶቹ ቀጣዩን ጭማሪ ሳያጸድቁ ሲቀሩ ጣቢያዎቹ እንደገና ፍርድ ቤት ሄደዋል።

አባቴ ያዳምጠው የነበረው

ብዙዎቻችን ሳናውቀው የዚህ እድር ቤተሰብ ነን። "የጀርመን ድምፅ" ወይም ዶቼ ቬለ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የአ.ኤር.ዴ. አባል ነው። በአማርኛ ማሰራጨት የጀመረው በመጋቢት 1965 ነው። አባቴ ማታ ማታ በአጭር ሞገድ ሲፈልገው፣ ድምፁ ሲሄድበትና ሲመጣበት፣ "ዝም በሉ!" ሲለን ነው ያደግነው። ግን ልዩነቱን ልብ እንበል። ዶቼ ቬለ የሚተዳደረው እኔ በምከፍለው መዋጮ ሳይሆን በፌዴራሉ መንግሥት በጀት ነው፤ ለውጭ አድማጭ ስለሚያሰራጭ። አባቴ የአገሩን ወሬ የሰማው ሌላ አገር በመደበለት ገንዘብ ነው። ለዚህ አመስጋኝ ነኝ፤ ነገር ግን ያሳዝነኛልም። የራሱ አገር ጣቢያዎች ቢታመኑ ኖሮ ያን ያህል ባልተቸገረ ነበር።

ወደ ቡናው እንመለስ

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1964 ሥራ ሲጀምር አንድ ነበር፤ ምሰሶውም ቃሉም የመንግሥት። ለጋሼ የምለው ይህንን ነው። ያ አንድ ጣቢያ ንጉሡ ሲወርዱ ለደርግ፣ ደርግ ሲወድቅ ለኢሕአዴግ ሶኬቱን ሳይነቅል ተረከበ። የፎን ፓፐን ማሽን ማለት ይሄው ነው።

ለወጣቱም የምለው አለኝ። ዛሬ ክልሎቻችን በየራሳቸው ቋንቋ የሚናገሩ ጣቢያዎች አሏቸው፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ መንካትም የለበትም። ነገር ግን የሚቋቋሙት በክልሉ ምክር ቤት አዋጅ፣ በጀታቸው የሚጸድቀውም በዚያው ምክር ቤት ነው። ምክር ቤቶቹ ደግሞ ለረጅም ዓመታት ባንድ ፓርቲ የተሞሉ ናቸው። ታዲያ አንዱን ትልቅ ማብሪያ ማጥፊያ በብዙ ትናንሽ ተካነው እንጂ ከባለሥልጣን እጅ አላወጣነውም። በ2020 መገባደጃ የሰሜኑ ጦርነት ሲፈነዳ ከዚህ ሆኜ በሳተላይት ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው እቀያይር ነበር። ሁሉም የሚናገረው የራሱን መንግሥት ድል ነው። የሌላውን ወገን እናት ለቅሶ ያሳየኝ አጣሁ።

ጥያቄው አንድ ጣቢያ ይሻላል ወይስ አሥር አይደለም። ጥያቄው ሦስት ነው። ማብሪያ ማጥፊያው በማን እጅ ነው? ገንዘቡ ያለ ባለሥልጣን ፈቃድ ይመጣል ወይ? ጣቢያዎቹስ አብረው የሚሠሩት፣ በየተራ አንዱ የሌላውን ከተማ የሚያሳይበት አንድ ማታ አላቸው ወይ? ሁለቱን የመጀመሪያ ጥያቄዎች ለመመለስ ሕግና ዓመታት ያስፈልጋሉ። ሦስተኛውን ለመጀመር ግን ጥቂት አዘጋጆች ቢበቁ ነው። አንድ እሁድ ከጎንደር፣ አንዱ ከመቀሌ፣ አንዱ ከጅማ፣ አንዱ ከጅጅጋ፣ ሁሉም በራሱ ቋንቋ፣ ለሌላው ጽሑፍ ከታች እየተነበበ። ሳይገባን እንኳ የምናየው አንድ ማታ።

በሚቀጥለው ስንገናኝ ለጋሼና ለወጣቱ ይህን አነብላቸዋለሁ። ሁለቱም እንደሚቆጡኝ አውቃለሁ። ቡናው ግን የጋራ ነው።

ቸር ይግጠመን።

ከፍራንክፈርት፣ ጀርመን